ነጯ የት አረፈች?

ሞጣ ላይ የከሰዓት ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ፑል ቤቱ ይሞላል። ከገበያ የሚመለሰው፣ ከትምህርት ቤት የወጣው፣ እስኪያባራ የተጠለለው ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቆማል። ከጣራው በሽቦ የወረደችው አምፖል የምታበራው ጨርቁን ነው፤ የሰዉ ፊት ጥላ ውስጥ ይቀራል።

እንዲህ ባለ ቀን ቆሜ ሁለት ልጆች ሲጫወቱ አየሁ። የመጀመሪያው ጉልበተኛ ነበር። ዘንጉን ወደ ኋላ አርቆ ስቦ ለቀቀው፤ ኳሷ የማዕዘኑን ቀዳዳ ስትመታው ቤቱ በጩኸት ተናጋ። በዘንግ የምትመታዋ ነጯ ኳስ ግን አልጠበቀችውም፤ ሦስት ጠርዝ ነካክታ ሄዳ ከባላጋራው ኳሶች ጀርባ ተሸሸገች። ልጁ የሚመታው አጣ። ሁለተኛው ቀጠን ያለ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። ጠረጴዛውን አንዴ ዞሮ አየና ጎንበስ አለ። ሰባት ኳሶቹን አንድ በአንድ አስገባ፤ ከዚያም ጥቁሯን። የጮኸለት ሰው አልነበረም። አጠገቤ የቆሙ አንድ ጎልማሳ፣ “ምን ያርግ፣ ሁሉም ቀዳዳ አፍ ላይ ገጥሞለት!” አሉ።

ቀዳዳ አፍ ላይ አልነበሩም። ሁለቱ ከጠርዝ ተጣብቀው ነበር፤ አንዷ ከሁሉም ቀዳዳ ርቃ መሃል ላይ ቆማ ነበር። ቀላል ያስመሰለቻቸው ነጯ ናት። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ለሚቀጥለው በሚመች ቦታ ላይ ቆማ ትገኝ ነበር። ልጁ ስምንት ቀላል ምት መታ፤ ከመጀመሪያው በቀር ያቀለላቸው ግን ራሱ ነው። በጎጃም ከተሞች፣ በቢቸናም በሞጣም ፑል ቤቶች ውስጥ፣ በተለይ ጥሩ ሆኖ ሲሠራ የማይታይ የእጅ ሥራ ይህ ነው። የማይታይ በመሆኑም ምስጋናውን ሳያገኝ ይቀራል። እኔ ላየው እፈልጋለሁ።

ዘንግና ኳስ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደሉም። በገና ዕለት ቆልማማ ዱላ ይዞ በሜዳ ላይ ሩር ሲያሳድድ የኖረ አገር ነው። ፑልም የመጣው ከዚህ ከሚመስል ጨዋታ ነው። አውሮፓ ውስጥ በሣር ላይ ኳስ በዱላ ይመቱ የነበሩ ሰዎች በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጨዋታውን ወደ ቤት አስገብተው ጠረጴዛ ላይ አወጡት። ጨርቁ አረንጓዴ የሆነው ሣሩን እንዲመስል ነው። በመጀመሪያ ኳሷን የሚገፏት ራሱ ሰፊ በሆነ ዱላ ነበር። ኳሷ ከጠርዝ ስትጣበቅ ሰፊው ራስ አልመች ስላላቸው ዱላውን እየገለበጡ በቀጭን ጅራቱ መምታት ጀመሩ። ዛሬ የምንይዘው ዘንግ ያ ጅራት ነው፤ ፈረንሳዮች እስካሁን የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።

የኳሷ ታሪክ ደግሞ በእኛው ደጅ ያለፈ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ምርጥ ኳሶች የሚቀረጹት ከዝሆን ጥርስ ነበር። በዚያው ዘመን ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያ በኩል የሚመጣው የዝሆን ጥርስ ከወርቅና ከዝባድ ጋር እዚሁ ጎጃም፣ ባሶ ገበያ ላይ ይሸጥ ነበር፤ ከዚያ በጎንደር አድርጎ ወደ ምፅዋ ይወርዳል። ጥርስ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ክብነቱም ይዛነፋል። አሜሪካ ውስጥ ምትክ ለሚያገኝ ሰው 10,000 ዶላር ሽልማት በተነገረ ጊዜ ጆን ዌስሊ ሃያት የተባለ ሰው ሙከራ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1869 ሴሉሎይድ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ቁስ ለኳስ አዋለው። የዛሬዎቹ ከጠንካራ ሰው ሠራሽ ሙጫ የሚሠሩ ናቸው፤ በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት የአንዷ ወርድ 57 ሚሊሜትር፣ ክብደቷም ከ156 እስከ 170 ግራም ነው። ከሁሉም የሚበልጠው እኩል መሆናቸው ነው። እኩል ክብደት ያላቸው ሁለት ኳሶች ቀጥ ብለው ሲጋጩ፣ የመጀመሪያዋ ሩጫዋን ሁሉ ለሁለተኛዋ ሰጥታ ራሷ ልትቆም ትችላለች። ነጯን ማዘዝ የተቻለው ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ልጁ እጅ ልመለስ። ግራ እጁን ጨርቁ ላይ ሲያሳርፍ መዳፉ አልተንቀጠቀጠም፤ አራቱ ጣቶች ተዘርግተው ጠረጴዛውን ጨበጡ፣ አውራ ጣቱ ከአመልካቹ ጎን ቀና ብሎ ተጣበቀ፣ ዘንጉ በመካከላቸው ባለችው ቦይ ላይ ተኛ። ቀኝ እጁ ዘንጉን የያዘው ጫጩት እንደሚይዝ ሰው ነው፤ እንዳያመልጥ ያህል እንጂ እንዳይተነፍስ አይደለም። ክርኑ ከፍ ብሎ ቆመ፤ ከክርኑ በታች ያለው ክንድ ብቻ እንደ ደወል ምላስ ወደ ኋላና ወደ ፊት ተወዛወዘ። አገጩ ዘንጉን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሁለት ሦስት ጊዜ ለካ። ከዚያ ዘንጉን በዝግታ ወደ ኋላ ሳበና ለቅጽበት ቆመ። ያቺ ቅጽበት የሥራው እምብርት ናት፤ ቸኩሎ ወደ ፊት የሚወረውር እጅ አቅጣጫውን የሚያጣው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ፊት። ጫፉ ነጯን ነክቶ አልቆመም፤ ነጯ የነበረችበትን ቦታ አልፎ ሄደ። ልጁም ቀና አላለም። ኳሷ ቀዳዳ እስክትገባ ድረስ እንደ ተጎነበሰ ቆየ።

የመጀመሪያው ልጅ ከመምታቱ በፊት ትከሻው ይነሣ ነበር፤ ኳሷ መግባቷን ለማየት ዓይኑ ከእጁ ይቀድማል። ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል መለካት ይቻላል። ነጯ ከታሰበላት መስመር በአንዲት ዲግሪ ብቻ ብትስት፣ አንድ ሜትር ተጉዛ ስትደርስ 17 ሚሊሜትር ያህል ወደ ጎን ወጥታ ትገኛለች። ይህም የኳሷን ወርድ ሲሶ ሊያህል ጥቂት የሚቀረው ነው፤ ግጭቱ ደግሞ ስሕተቱን ያባዛዋል። ትከሻ ሲነሣ ዘንጉ የሚዛነፈው ከአንድ ዲግሪም ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የልጁ ዝምታ የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተማረው ሥራ ነው።

ከዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችውን ቁራጭ ቆዳም ልብ በሉ። እሷ ከመምጣቷ በፊት ደረቅ እንጨት ኳሷን ከመሃል ውጭ ሲነካት ይንሸራተት ስለነበር ሰው የሚመታው መሃል ለመሃል ብቻ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ፍራንስዋ ሚንጎ የተባለ፣ በፖለቲካ ምክንያት ታስሮ የነበረ ፈረንሳዊ መኮንን ቆዳ ለጠፈበት። ጠመኔም አገዘው። ከዚያ ወዲህ የነጯ ፊት በሙሉ ቦታ ቦታው የተለየ ትእዛዝ የሚሰጥበት ሆነ። ቆዳውና ነጯ የሚነካኩት ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የመቺው ሐሳብ ሁሉ በዚያች ጊዜ ውስጥ አልፎ ወደ ኳሷ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመር ነገር የለም።

ትእዛዞቹ በመሠረቱ ሦስት ናቸው። ነጯ በሌላዋ ኳስ ላይ ስትደርስ ወደ ፊት እየተንከባለለች ከሆነ፣ ከግጭቱ በኋላም መከተሏን ትቀጥላለች። ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ከደረሰች ተመልሳ ወደ መቺዋ ትመጣለች። በየትኛውም በኩል ሳትሽከረከር በጨርቁ ላይ ተንሸራትታ ብቻ ከደረሰች ደግሞ፣ ግጭቱ ቀጥተኛ ሲሆን ባለችበት ቀጥ ትላለች፤ ግጭቱ ከጎን ሲሆን የተመታችው ኳስ ከሄደችበት መስመር ጋር 90 ዲግሪ ሠርታ ትሄዳለች። የምትንከባለለው ነጭ ከኳሷ ሲሶም ግማሽም ብትነካ፣ ከመጣችበት መስመር የምትዞረው 30 ዲግሪ ገደማ ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ጋስፓር ጉስታቭ ኮሪዮሊስ እ.ኤ.አ. በ1835 ስለዚሁ ጨዋታ ብቻ አንድ መጽሐፍ ጽፏል። ነጯ ገና ከመነሻዋ ሳትንሸራተት እንድትንከባለል የሚያደርገው ቦታ ከከፍታዋ 10 እጅ 7ቱ ላይ እንደሆነ በስሌት ይታወቃል። የሞጣው ልጅ ይህን ስሌት በወረቀት አይሠራውም፤ በእጁ ግን ያውቀዋል።

ከስምንቱ ምቶቹ መካከል አንዷን ብቻ ዘርዝሬ ላሳይ። አምስተኛዋ ኳስ ከማዕዘኑ ቀዳዳ ፊት ለፊት፣ ነጯም ከኋላዋ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ርቃ ቀጥ ብላ ቆማለች። ለማስገባት ማንም ያስገባታል። የሚቀጥለው ኳሱ ግን በጎን ቀዳዳ በኩል ስለሆነ ነጯ እዚያው፣ አምስተኛዋ በቆመችበት ስፍራ ላይ መቅረት አለባት። ወደ ፊት አንድ ስንዝር ብትከተል ጥቁሯ መንገድ ትዘጋባታለች። ልጁ ነጯን ከወገቧ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ነካት። ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ተነሣች፤ ጨርቁ ሽክርክሪቷን እየበላ ሄደ። አንድ ክንድ ተኩሉ ሲያልቅ ሽክርክሪቱም አለቀ። በዚያችው ቅጽበት ተጋጩ፤ አምስተኛዋ ገባች፣ ነጯ በቦታዋ እንደ ተተከለች ቀረች። ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢነካት ተመልሳ ትመጣ ነበር፤ ትንሽ አለስልሶ ቢመታት ሽክርክሪቱ ቀድሞ አልቆ ትከተል ነበር። ልጁ ርቀቱን፣ የጨርቁን ማርጀት፣ የክረምቱን እርጥበት ሁሉ በአንድ ምት ውስጥ ቆጥሮ አስገብቷቸዋል። እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ቤቱ ግን ዝም አለ፤ የታየው አንዲት ቀጥ ያለች ኳስ መግባቷ ብቻ ነበርና።

ሌላም የማይታይ ጥበብ ነበረው። ጀማሪ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ምት ይመኛል። እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነጯን ከቀጥታው ትንሽ ገለል አድርጎ ያቆማት ነበር። ቀጥ ያለ ምት ነጯን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ያስኬዳል፤ ትንሽ ማዕዘን ያለው ግን ወደሚፈለገው ጎን በራሱ ጊዜ ይወስዳታል። ስለዚህ ማስገደድ ሳያስፈልገው መንገዱን አመቻችቶ ይለቃታል። ጠረጴዛውን አንዴ የዞረው ለዚህ ነው፤ ከመጨረሻዋ ከጥቁሯ ጀምሮ ወደ ኋላ እየቆጠረ ነበር።

በዚህ ሥራ ዓለም ያከበራቸው ሰዎች የተነሡት ከምቹ ቦታ አይደለም። አሜሪካዊው ዊሊ ሞስኮኒ ልጅ ሳለ አባቱ እንዳይጫወት ኳሶቹን ይቆልፉበት ነበር፤ እሱም ድንች በመጥረጊያ እንጨት እየመታ ተለማመደ። ያ ልጅ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1954 በኦሃዮ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ከተማ አንድም ሳይስት 526 ኳሶችን በተከታታይ አስገባ። 526 ጊዜ ማነጣጠር ብቻውን ይህን አያደርግም፤ ነጯ 525 ጊዜ የሚመች ቦታ ላይ መቆም ነበረባት። ፊሊፒናዊው ኤፍረን ሬየስ ደግሞ ያደገው ማኒላ ውስጥ በአጎቱ ፑል ቤት ነው። ቁመቱ ስለማይደርስ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆሞ ይጫወት፣ ሌሊት እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በካርዲፍ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ‘አስማተኛው’ ይሉታል። አስማት የተባለው ነጯን ማንም ባላየው መንገድ አዙሮ በፈለጋት ቦታ ማሳረፉ ነው። ያ የለስላሳ ሳጥን ቢቸናም ሞጣም አለ።

ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ የ‘ፍቅር እስከ መቃብር’ አንባቢ ሁሉ የሚያውቀው ዲማ። በጎጃም የቅኔ ቤት ተማሪው በመጀመሪያ ቀን መወድስ አይቆጥርም። የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ነው። ሲቆጥር ይውላል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያቃኑለታል፤ በማግሥቱ እንደገና። በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ አድርጎ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ የሚደርሰው ትንሿ ከተቃናች በኋላ ነው። በዚያ አገር የተወለደ ሰው ፑልን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በቅኔ ቋንቋ ቀዳዳ የገባችው ኳስ ሰሙ ናት፤ ሁሉም ይሰማታል። ነጯ ያረፈችበት ቦታ ወርቁ ነው። ሰሙን ሰምቶ የሚያጨበጭብ ብዙ ነው፤ ወርቁን ያገኘ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

ፑልም የራሱ ጉባኤ ቃና አለው። አንደኛ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አጋድመህ የዘንጉን ጫፍ አፉን ሳትነካ አስገባና አውጣ፤ መቶ ጊዜ ደጋግመው። ክንድህ ቀጥ ማለቱን ጠርሙሱ ይነግርሃል። ሁለተኛ፣ ሌላ ኳስ በሌለበት ነጯን በጠረጴዛው ቁመት መሃል ለመሃል ልከህ ከወዲያኛው ጠርዝ ስትመለስ የዘንግህን ጫፍ እንድትነካ አድርግ። ወደ ጎን ከሸሸች መሃሏን እየነካህ አይደለም፤ ሳታውቀው እያሽከረከርካት ነው። ሦስተኛ፣ ሁለት ኳስ በቀጥታ መስመር አቁም፤ አንዷን አስገባ፣ ነጯን በቦታዋ አስቀር። መጀመሪያ በሁለት ስንዝር ርቀት፣ ቀጥሎ በአራት፣ ከዚያ በስድስት። ይህ ሲጠና ነጯ አንድ ስንዝር እንድትከተል፣ ከዚያም አንድ ስንዝር እንድትመለስ እዘዛት። አራተኛ፣ ሦስት ኳስ ብቻ ጣልና ከመምታትህ በፊት ነጯ ሁለቴ የምታርፍባቸውን ቦታዎች በጣትህ አሳይ። ያሳየኸው ቦታ ላይ ካልቆመች፣ ሦስቱም ቢገቡ እንኳ እንደገና ጀምር። የጎን ሽክርክሪት እስከዚህ ድረስ አያስፈልግህም። ነጯን ከመስመሯ ስለሚያዛንፋትና የምትነካትንም ኳስ ስለሚያስት፣ መሃሏን ያልለመደ እጅ ሲሞክረው ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ አይለይም።

“ጠረጴዛችን ያዘመመ፣ ጨርቃችን የተቀደደ ነው” የሚል ልጅ አለ። እውነቱን ነው። በአንዱ ጥግ ኳሷ ራሷ ትንከባለላለች፣ በሌላው ጠርዙ ሞቷል። ነገር ግን ለስላሳ እጅ ያለው ልጅ በዚያው ጠረጴዛ ላይ የዘመመውን አቅጣጫ ያውቀዋል፤ አስቀድሞም ይቆጥረዋል። ያረጀ ጠረጴዛ ላይ ነጯን ረጅም መንገድ ማስኬድ አደጋ ስለሆነ በአጭሩ ማሳረፍን ይማራል። አጭር መንገድ በየትኛውም ጥሩ ጠረጴዛ ላይ የሚያዋጣ ትምህርት ነው።

ወላጆች ፑል ቤት የሚለውን ስም እንደማይወዱት አውቃለሁ። በውርርድ ገንዘብ የጠፋበት፣ ከትምህርት ገበታ የቀረ ልጅ አለና ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። መወራረዱ ይቅር፤ የትምህርቱም ሰዓት ይከበር። ነገር ግን ያ ዝምተኛ ልጅ በዘንጉ ጫፍ ላይ የያዘው ትዕግሥት፣ ልኬትና አርቆ ማሰብ ከስንፍና ጋር አብሮ መወገዝ አይገባውም። ሸማኔው መወርወሪያውን በልክ ሲወረውር እናደንቃለን። ይህም እጅ የዚያ ወገን ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ከደጀን ተነሥተው በቢቸናና በሞጣ ወደ ባሕር ዳር ሲያልፉ ዝናብ ፑል ቤት ቢያስገባዎ፣ ቀዳዳውን ይተዉና ነጯን ይከተሉ። ኳሷ ገብታ ሰዉ ሲጮኽ እርስዎ ነጯ የት እንዳረፈች ይመልከቱ። ሳትሮጥ፣ ሳትደበቅ፣ ለሚቀጥለው ምት ተመቻችታ ቆማ ካገኟት፣ ማንም ባይጮኽለት እርስዎ ልጁን “ጎበዝ፣ እጅህ ይባረክ” ይበሉት። ሠርቶታልና ይገባዋል።